ለረጅም ጊዜ ያልተከፈቱ ፋይሎችን በትእዛዝ ጽሑፍ ስለ ማስወገድ

መግቢያ

በትምህርት ቤትና በትምህርት ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሮች ውስጥ የፈተና ወረቀት፣ የማርክ ሰንጠረዥ፣ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ከዓመት ወደ ዓመት ይከማቻል። ዲስኩ በሚሞላበት ጊዜ ቶሎ የሚታሰበው መፍትሔ ማንም ሳይከፍታቸው የቆዩትን ፋይሎች ፈልጎ የሚሰርዝ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ማለትም ስክሪፕት፣ ማዘጋጀት ነው። ዘዴው ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ «አልተከፈተም» ማለትና «አያስፈልግም» ማለት አንድ አይደሉም።

ልዩነቱ በአዋሽ ሸለቆ ጎልቶ ይታያል። ከአዋሽ እስከ ሰመራ በሚዘልቀው የአፋር ቆላ አብዛኛው የገጠር ሕዝብ አርብቶ አደር እንደ መሆኑ መጠን፣ ድርቅ በበረታ ጊዜ ቤተሰቡ ከብቱን ይዞ ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ሲሄድ ልጆችም ትምህርታቸውን ያቋርጣሉ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳና በአካባቢው መሬት ተንቀጥቅጦ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ልጅ ከየትኛው ክፍል እንደ ደረሰ የሚመሰክርለት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልከፈተው የማርክ ሰንጠረዥ ነው። ይኸው ከተሰረዘ ልጁ ያለፈውን ክፍል እንደገና ለመማር ይገደድ ይሆናል።

1. ኮምፒዩተሩ የሚመዘግባቸው ቀኖች

ኮምፒዩተር ስለ እያንዳንዱ ፋይል ቢያንስ ሁለት ቀኖችን ለይቶ ይይዛል። አንደኛው ይዘቱ በመጨረሻ የተለወጠበት፣ ሁለተኛው በመጨረሻ የተነበበበት ቀን ነው። በዚህ ዘዴ የምንመዝነው በሁለተኛው ነው። ነገር ግን ይህ ቀን በሚከተሉት ምክንያቶች ሊያሳስት ይችላል።

ሀ) ምዝገባው ሊቋረጥ ይችላል። ዲስክን ላለማዘግየት ሲባል እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ በብዙ ኮምፒዩተሮች ምዝገባው ተዘግቶ ይገኛል። ሊኑክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በተለምዶ ቀኑን የሚያድሰው የቀድሞው ምዝገባ ከ24 ሰዓት በላይ ሲሆነው፣ ወይም ከዚያ በኋላ ፋይሉ ተለውጦ ከሆነ ነው። ይህ በዓመት ለሚቆጠር ሥራ ጉዳት የለውም። ምዝገባው ጨርሶ ከተዘጋ ግን በየቀኑ የሚነበብ ፋይል የተረሳ መስሎ ይታያል።

ለ) ሰው ሳይከፍተው ሊታደስ ይችላል። የቫይረስ መከላከያ ወይም የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ፋይሉን ሲያነበው ቀኑ አዲስ ሊሆን ይችላል። ወደ ሌላ ዲስክ የተገለበጠ ፋይልም አብዛኛውን ጊዜ የተገለበጠበትን ቀን ይይዛል።

ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ አንድ አሮጌ ፋይል ከፍቶ ቀኑ መታደሱን መፈተን ያስፈልጋል።

2. የጊዜ ገደቡን ስለ መወሰን

በሊኑክስ «ፋይንድ» የሚባለው ትእዛዝ ዕድሜን የሚቆጥረው በ24 ሰዓት ክፍልፋይ ሲሆን፣ ትርፍ ሰዓቶችን ይጥላል። በመሆኑም «ከ365 በላይ» ሲባል ቢያንስ 366 ሙሉ ቀን ያለፈው ማለት ነው። በቀን መቁጠር የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ዘመን አቈጣጠር ከማመሳሰል ችግር ያድናል።

የትምህርት ቤት ሥራ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ይደጋገማል። በመስከረም ምዝገባ ብቻ የሚከፈት ፋይል፣ ምዝገባው በጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ የአንድ ዓመቱን ገደብ አልፎ ይገኛል። ስለዚህ ገደቡ ከሁለት የትምህርት ዓመት፣ ማለትም ከ730 ቀን፣ ባያንስ ይመረጣል።

3. የአሠራር ቅደም ተከተል

ሀ) ስክሪፕቱ የሚሠራበት ፎልደር በሙሉ አድራሻው ይጻፍ። የአድራሻው ቦታ ባዶ ከሆነ ወይም ፎልደሩ ካልተገኘ ስክሪፕቱ ወዲያውኑ እንዲቆም ይደረግ፤ አለበለዚያ ያልታሰበ ቦታ ሊያጠፋ ይችላል።

ለ) በመጀመሪያ የፋይሎቹን ስም፣ መጠንና ቀን ብቻ ይዘርዝር፤ ምንም አይሰርዝ።

ሐ) ዝርዝሩን የትምህርት ክፍል ኃላፊና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አብረው ይመልከቱት። ይዘቱን ለማየት የሚከፈት ፋይል ቀኑ ሊታደስ ስለሚችል፣ ውሳኔው በተዘጋጀው ዝርዝር ላይ ይጻፍ።

መ) የተፈቀዱት ፋይሎች ወደ ማቆያ ፎልደር ይዛወሩ፤ የቀድሞ ቦታቸውም በመዝገብ ይያዝ።

ሠ) አንድ የትምህርት ዓመት ካለፈና የጠየቃቸው ሰው ከሌለ ይሰረዙ። ይህ ጊዜ የሚቈጠረው ከተዛወሩበት ቀን ጀምሮ ነው።

4. በስክሪፕት የማይነኩ ፋይሎች

የማርክ ሰንጠረዥ፣ የተማሪዎች መመዝገቢያ፣ የምስክር ወረቀት ቅጂና የሠራተኞች ማኅደር በተለየ ፎልደር ተቀምጠው ከስክሪፕቱ ውጭ ሊሆኑ ይገባል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179 የመንግሥትን መዛግብት የሚመለከት በመሆኑ፣ እነዚህን ስለ ማስወገድ የሚወስነው ሕግና ደንብ እንጂ የዲስክ መጣበብ አይደለም። በአፋርኛ የተዘጋጁ የማስተማሪያ ረቂቆችም ሌላ ቅጂ መኖሩ ሳይረጋገጥ አይሰረዙ።

ማጠቃለያ

የመጨረሻው የንባብ ቀን ፋይልን ለምርመራ የሚያቀርብ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። ስክሪፕቱ ይፈልግ፣ ይዘርዝር፣ ያዛውር፤ ውሳኔው ግን የሰው ይሁን። የተደጋገሙ ቅጂዎችና ጊዜያዊ ፋይሎች ቢወገዱ ቦታ ይገኛል። ከግጦሽ ፍለጋ ለሚመለሰው ልጅም ስሙ ከመዝገቡ ሳይጠፋ ይቈየዋል።