የልደታ ዋዜማና የቤታችን መዓዛ



በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ሰፈር የሚኖር ሰው የግንቦት 1 ዋዜማ መድረሱን የቀን መቁጠሪያ ሳይመለከት በአፍንጫው ያውቀዋል። ሚያዝያ 30 ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስዱት መንገዶች ዳር እርጥብ ቄጤማ በእስር በእስሩ ተደርድሮ ይሸጣል። ከጎኑም አሪቲ፣ አደስና ጠጅ ሳር ይገኛሉ። ሲመሽ ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮውን በደጅ ይቀቅላል፤ ቡናው ይቆላል፤ ዕጣኑ ይጤሳል።

በዓሉ በደጅ መከበሩ ምክንያት አለው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው ኢያቄምና ሐና ከሚያሳድዷቸው ሰዎች ሸሽተው ሳሉ እመቤታችን የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ ነው። ንፍሮውም የዚያ የስደት ማዕድ መታሰቢያ ነው። ሊባኖስ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በዝግባው እንደ ታወቀ ሁሉ በመዓዛውም የታወቀ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 የሙሽራይቱን ልብስ መዓዛ ከሊባኖስ መዓዛ ጋር ያነጻጽራል፤ ሊቃውንቶቻችንም ቃሉን ለእመቤታችን ይተረጕሙታል። በውዳሴ ማርያምም በወርቅ ማዕጠንት ተመስላለች። ከዚህም የተነሣ የልደታ በዓልና መልካም መዓዛ የማይነጣጠሉ ናቸው።

የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ እናቶቻችን መዓዛን ከመዓዛ እያዋሐዱ ቤታቸውን ስለሚያሳምሩበት ጥበብ ጥቂት መናገር ነው። ጥበቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የመጣ ሲሆን፣ የተወረሰበት ቤት ግን በእኛ ዘመን ተለውጧል። ልንናገርበት የተነሣሣነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሰፈሩ ብዙ ዘመን የኖሩ እናቶች እንደሚያስረዱት የበዓል ቤት መዓዛ በአንድ ጊዜ የሚሠራ አይደለም። መጀመሪያ ጽዳት ነው። ምንጣፉና አልባሳቱ ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፤ ጥጋ ጥጉ ይጠረጋል። ያልጸዳ ቤት ቢታጠን መጥፎው ሽታ ከመልካሙ ጋር ተደባልቆ ይብሳልና። ቀጥሎ የወይራ ጭስ ይመጣል። የጠላው ጋንና የወተቱ ዕቃ በወይራ ሲታጠኑ ከጭሱ ጥቂቱ በቤቱ ውስጥ ይቀራል። ይህም ለሌላው መዓዛ ሁሉ እንደ መሠረት ይቈጠራል።

ከዚያም ቄጤማው ይጎዘጎዛል። የቄጤማ መዓዛ የውኃና የመስክ መዓዛ ስለ ሆነ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው። በመካከሉ ጥቂት አሪቲና አደስ ጣል ጣል ይደረግበታል። የእነዚህ ቅጠሎች ዘይት እግር ሲረግጣቸው ስለሚወጣ እንግዳ በገባ ቁጥር ቤቱ እንደ ገና ይሸታል። እሳት ሳይነካው፣ ጭስ ሳይኖረው ቤትን ማሽተት የሚችል ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየንም።

ቡናው ሲቆላ ጭሱ ለተቀመጡት ሁሉ ይዞርላቸዋል። ዕጣኑ ፍም ላይ የሚደረገው ከዚህ በኋላ ጀበናው ሲጣድ ነው። የቡናው ቁሌትና ዕጣኑ በአንድ ጊዜ ቢነሡ አንዱ ሌላውን ይውጠዋልና እናቶቻችን በመካከላቸው ጥቂት ጊዜ ይሰጣሉ።

ዕጣኑንም ብንመለከት ዓይነቱ ብዙ ነው። በንግድ ሥራ የትግራይ፣ የኦጋዴንና የቦረና ዕጣን ተብሎ ይለያል። ከእነዚህ ጋር ከርቤ፣ ሰንደልና ሉባንጃ ከመርካቶ ነጋዴዎች በጥቂት በጥቂቱ ይገዛሉ። ሁሉንም በአንድ ፍም ላይ መጨመር ግን የባለሞያ ሥራ አይደለም። በማኅሌት አንዱ መሪ ሌላው ተመሪ እንደሚሆን ሁሉ በመዓዛም አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። ነጩ ዕጣን ሲመራ ከርቤ በጣም በጥቂቱ ይከተላል፤ ከርቤ ምሬትና ክብደት ያለው ስለ ሆነ ሲበዛ ሁሉንም ይሸፍናል። ሰንደል በሚመራበት ቀን ደግሞ ከርቤውን መተው ይሻላል። ቀበርቾና ወገርት ለበሽታ መከላከያ ተብለው ለብቻቸው የሚጤሱ ናቸውና ከመዓዛው ጋር አይደባለቁም።

እዚህ ላይ መለየት የሚገባን ነገር አለ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 እንደ ተጻፈው ለመገናኛው ድንኳን የሚሆነው ዕጣን ከአራት ቅመሞች በእኩል መጠን ይዘጋጅ ነበር፤ ያንኑ ቅመም ለግል ማሽተቻ መሥራትም ፈጽሞ ተከልክሏል። ከዚህ የምንማረው የቤተ መቅደሱ ዕጣን ጸሎት መሆኑን፣ የቤታችን መዓዛ ደግሞ እንግዳን የምናከብርበት መሆኑን ነው። በቤት የሚጤሰውን ለአድባር ወይም ለሌላ መንፈስ ማቅረብ ከሁለቱም የራቀ ነውና በግንቦት ልደታ ስም ሊደረግ አይገባውም። ለእንግዳ ክብር ሲባል ቤትን ማሽተት ግን የሁላችን የጋራ ሀብት ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በዒድ ቀን ቤታቸውን በዑድና በዕጣን ያሽታሉ።

አሁን ወደ ተለወጠው ቤት እንመለስ። በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያ ዓመታት ከልደታ አሮጌ መንደሮች ብዙዎቹ ፈርሰው በምትካቸው የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተሠርተዋል። የጥንቱ የጭቃ ቤት በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ክፍተት ስለ ነበረው ጭሱ መዓዛውን ትቶ ይወጣ ነበር። የዛሬው ቤት ግን መስታወቱ ሲዘጋ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ የለውም።

በራሳችን ቤት የደረሰውን ብንናገር ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በልደታ ዋዜማ ምሽት ዝናብ ስለ ነበር፣ ደግሞም መዓዛው እንዳይወጣ ብለን በሩንና መስኮቱን ዘግተን፣ ማጨሻውን ከነፍሙ በመኝታ ክፍሉ ደጃፍ ትተን ተኛን። ሌሊት ልጃችን ራሴን አመመኝ ብላ ተነሣች። እኛም ቀኑን ሙሉ ስትላላክ ውላ ደክሟት ነው ብለን መልሰን ልናስተኛት ነበር። በሩ ዘንድ ሳትደርስ ወደቀች። እናቷ መስኮቱን ከፍታ ወደ ደጅ አወጣቻት። ሐኪሙም የከሰል ጭስ መሆኑን ነገረን። ልጃችን በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነች፤ የቅዳሴው ሰዓት ሲደርስ ግን እኛ በጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርን። መልሰን አስተኝተናት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተለየንም።

ከከሰል ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚያዝበት ቦታ ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ስለሚጣበቅ ሰውን በእንቅልፉ እንዳለ ይገድላል። ዕጣኑ ሲሸተን ቤቱ ደህና ይመስለናል፤ የሚገድለው ግን የማይሸተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ፣ ከሰልና መሰል ነገር በሚወጣ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል።

ስለሆነም ከሰሉ በደጅ ወይም በሰገነት ተያይዞ በሚገባ ሲቀላ ይግባ። ዕጣኑ እየጤሰ ሳለ ቢያንስ አንድ መስኮት ይከፈት። ከመኝታ በፊት ፍሙ ከቤት ይውጣ። ሕፃን ወይም የአስም ሕመምተኛ ባለበት ቤት ጭሱን ትቶ ቄጤማውን፣ አሪቲውንና ጠጅ ሳሩን ማብዛት ይበቃል። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚረጨውን የፋብሪካ ሽቶ ከዕጣን ጋር መደባለቅ መዓዛውን ከማበላሸቱም በላይ ፍም አጠገብ ቢረጭ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ዕጣንን በቁጠባ እንድንጠቀም የሚያደርገን ሌላም ምክንያት አለ። ነጩን ዕጣን የሚሰጠው ዛፍ በትግራይ፣ በመተማና በዓባይ ሸለቆ ቆላማ ቦታዎች ይበቅላል። በበጋ ወራት ቅርፊቱ በተደጋጋሚ እየተፋቀ ሙጫው ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ከተጠኑት ደኖች በአብዛኞቹ ወጣት ዛፎች አልተገኙም። ምክንያቶቹም የከብት ግጦሽ፣ ሰደድ እሳትና ከልክ ያለፈ መፋቅ ናቸው። ይህ ካልተገታ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ጥናቱ ተንብዮአል። ስለዚህ በእፍኝ የምንበትነው ዕጣን የልጆቻችን ድርሻም ጭምር ነው። ሁለት ሦስት ፍሬ ቤትን ያሸታል።

የግንቦት ልደታ ንፍሮ ከደጅ ሆኖ ለመጣው ሁሉ እንደሚታደል፣ መዓዛችንም መስኮቱ ተከፍቶ ለጎረቤት ይድረስ። መልካም በዓል ይሁንልን።