ኦቶሞቢል ስለ ማጠብና ስለ ቦርከና ውሃ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በከሚሴ ያልፋል። ስለዚህ አውቶቡሱም የጭነት መኪናውም ጭቃና አቧራ ተሸክሞ ይደርሳል፤ በክረምት ብዙ ጊዜ በቆመ መኪና ላይ ደግሞ፥ በመስኮቱ ጎማ ሥርና ፀሐይ በማይነካው ጎኑ አረንጓዴ ነገር ይበቅላል። ይኸውም ዋቅላሚ የሚባለው ነው፤ ሥር የለውም፥ ነገር ግን እርጥበትና ጥቂት ብርሃን ካገኘ በብረት ላይ እንኳ ይበዛል።

አቧራውን በደረቁ መፈግፈግ አይገባም፤ አሸዋው ቀለሙን ይፍቀዋልና። አስቀድሞ ከጣራው ጀምሮ ውሃ ማፍሰስ፥ ቀጥሎም በሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ማሸት ነው። ለአረንጓዴው ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በረኪና የሚያፈሱ አሉ፤ እርሱ ጎማውን ይጎዳል። ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋራ ቢቀላቀል ግን ሳንባ የሚጎዳ መርዛም ጋዝ ይወጣዋልና፥ ፈጽሞ አይቀላቀል።

ከሁሉ የሚከፋው መኪናን ወደ ቦርከና ወንዝ አስገብቶ ማጠብ ነው። ቦርከና የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በበጋም የኦሮሞው፥ የአፋሩና የአርጎባው ከብት በጨፋ ይሰማራል። ከሞተሩ የሚወርደው ዘይት በውሃው ላይ ተዘርግቶ አየር እንዳይገባ ይከለክላል። መምህሩ በሳህን ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጎ ቢያሳይ፥ ተማሪዎች ከብዙ ቃል ይልቅ ይረዱታል።

መኪና ማጠብ ለብዙ ወጣት እንጀራ ስለ ሆነ መከልከሉ አይበጅም፤ ሽማግሌዎች ቦታውን ቢያዛውሩላቸው ይሻላል። ውሃው በባልዲ ይቀዳ፤ መኪናውም ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ በራቀ ሣር ሜዳ ላይ ይታጠብ።