ለመስቀል የተገዛው በሬ ከወንዙ ማዶ ሲቀር

በደጋው አገር መስቀል ሲባል አደይ የሚፈካበት፣ ሰማዩ የሚጠራበትና ወንዙ የሚጎድልበት ጊዜ መሆኑ የታወቀ ነው። በአማን፣ በሚዛንና በቴፒ የቡና አገር ግን ደመራው ብዙውን ጊዜ የሚለኮሰው ጭቃው ሳይደርቅ፣ ሰማዩም እንዳኮረፈ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክረምት አምጪው ነፋስ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደኖች በኩል እርጥበት ይዞ ስለሚመጣ፣ ደቡብ ምዕራቡ ዝናብን ከሌላው አስቀድሞ ይቀበላል፤ ዘግይቶም ይሰናበተዋል። በመሆኑም ከመጋቢት ገደማ የጀመረው ዝናብ እስከ ጥቅምት፣ አንዳንድ ዓመትም እስከ ኅዳር ይዘልቃል። የዓመቱ መጠን በብዙ ሥፍራ ከ1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ቢሆን ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ሲሆን፣ ደመራ የሚለኮሰው መስከረም 16 ቀን ነው። ቡናው ይህን ዝናብ ይወደዋል። ችግሩ የመንገደኛው ነው።

ነገሩ በምሳሌነት በአንድ የቡና ገበሬ ቤተሰብ ላይ ሲታይ እንደሚከተለው ነው።

ሽማግሌው አባወራ አራት ልጆች አሏቸው። ሁለቱ አጠገባቸው ጎጆ ወጥተዋል፤ ሴት ልጃቸው ቴፒ ተድራለች፤ የበኩር ልጃቸው አዲስ አበባ ይሠራል። አራቱ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚቀመጡት ለመስቀል ነው። በዚህ በዓል ደግሞ ከድግሱ ሌላ ጉዳይ አለ። አባት ዕድሜያቸው ስለገፋ፣ የቡና መሬታቸውን ወሰን ልጆቻቸው ሁሉ ባሉበት፣ በሽማግሌዎች ፊት ማሳየት ይፈልጋሉ። አንዱ ወንድም በሌለበት የተተከለ የወሰን ድንጋይ ኋላ የክስ ምክንያት መሆኑን የማያውቅ የገበሬ ማኅበር መሪ አይገኝም።

እናት ከሰኔ ጀምረው ቅቤ አጠራቅመዋል። ቆጮው ከጉድጓድ ወጥቷል። ጎረቤቶችም ገንዘብ አዋጥተው ለቅርጫ የሚሆን በሬ ከገበያ ገዝተዋል። ከመዋጮው ከፊሉ ብድር ነው፤ መስከረም በቡና አገር ኪስ የሚደርቅበት ወር ነውና። ቡናን ገና በዛፉ ላይ እያለ ለነጋዴ በርካሽ የማስያዝ ልማድ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቅ ስለሆነ እዚህ ላይ አይነሣም።

የበኩር ልጅ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጂማና በቦንጋ በኩል እስከ ሚዛን ወደ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቀድሞ በክረምት መኪና በጭቃ ተይዞ የሚያድርበት ይህ መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ጉዞው በአንድ ቀን ያልቃል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ የምትቀረው ጥቂት ኪሎ ሜትር ናት። ከአማን የተሳፈረበት ሞተር እስከ ወንዙ አድርሶት ይመለሳል። ወንዙ ላይ የነበረው የእንጨት ድልድይ የለም፤ ሌሊቱን በጣለው ዝናብ ሄዷል። የቅርጫው በሬም ከነነጂዎቹ እዚያው ቆሟል።

ወዲያ ማዶ አባት በትራቸውን ይዘው ወጥተዋል።

«አባባ፣ ገመድ ወርውሩልኝና ልሻገር!»

«ተው ልጄ! ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። አማን ተመለስና እደር!»

አባት ትክክል ናቸው። ፈጣን ጎርፍ ጉልበት ሳይደርስ አዋቂን ይጥላል። ውኃው ከደፈረሰና ቅጠልና ግንድ ይዞ ከመጣ ከላይ ገና እየዘነበ መሆኑን ያመለክታል፤ ስለዚህ አሁን ጉልበት ድረስ የሆነው ከደቂቃዎች በኋላ ደረት ሊደርስ ይችላል። በበዓል ዋዜማ ይህ ሁሉ ይረሳል። ሰው ስጦታ ተሸክሟል፤ ቤቱ በዓይኑ ይታየዋል፤ አንዳንዱም ጥቂት ቀምሷል። መሪዎች ወንዝ ዳር ሁለት ጠንካራ ሰው ማቆም ያለባቸው በዚህ ቀን ነው። ከምሽት በኋላ ማንም እንዳይሻገር መከልከልም ማንንም ማስቀየም አይሆንም።

ድልድዩ ግን በዚያች ሌሊት ብቻ አልፈረሰም። ለቡናና ለበቆሎ ሲባል የወንዙ ዳር እስከ አፋፉ ተመንጥሯል፤ አፈሩን የሚይዝ ሥር ስላልቀረ ግንዶቹ ያረፉበት አፋፍ ከዓመት ዓመት ተሸርሽሯል። ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ማፋሰሻ ቦይ ስለሌለው ጎርፉ መንገዱን ራሱን ቦይ አድርጎታል። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች የጠጠር መንገድ ማግኘታቸው ይታወሳል። ይሁን እንጂ ቱቦው በቅጠልና በደለል ከተደፈነ ጠጠሩ ሁለት ክረምት አይከርምም።

እነዚህ ሥራዎች በሰኔ፣ ቢዘገይ በነሐሴ ዝናቡ ጋብ ባለባቸው ቀናት የሚሠሩ ናቸው። ቱቦውን መጥረግ አካፋና ዶማ ይበቃዋል። ግንዶቹን ያለፈው ጎርፍ ምልክት ከተወበት ከፍታ በላይ አንሥቶ ማሳረፍ የአንድ ደቦ ሥራ ነው። አፋፉን ለመያዝ የቬቲቨር ሣር ተመራጭ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በ1960ዎቹ በጂማ የእርሻ ምርምር በኩል በመሆኑ ለቡና ገበሬው እንግዳ አይደለም። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ ቡናውን አይሻማም። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ደግሞ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚሠራ ነው፦ የላይኛው ቀበሌ ወንዙ መሙላቱን ሲያይ ለታችኛው ይደውላል። እስከ ዛሬ ይህን የማይለማመዱበት ምክንያት አይታይም።

ተዳፋት ላይ ባሉ መንደሮች አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች በመሬት ናዳ ሲያልቁ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ አስቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱንም ደረባቸው። ሩጫው የወገን ነበር። ነገር ግን ተራራው ከላይ መሰንጠቁን የሚመለከት ሰው ሳይቆም ሕዝብን ከሥሩ መሰብሰብ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ ጎፋ አሳይቷል።

ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። ልጅ አማን አደረ። በማግሥቱም ውኃው አልጎደለም። በሬው በማዶ በኩል ታርዶ መደቡ በማዶዎቹ ዘንድ ተበላ፤ የወዲህኞቹ ለበዓሉ ዶሮ አረዱ፣ ለቅርጫው የተበደሩትም ባለበት አለ። የቴፒዋ ልጅ በሌላ መንገድ ዞራ ስለደረሰች እናት ጥቂት ተጽናኑ፤ ለበኩር ልጃቸው ያስቀመጡትን ክትፎ ግን ማንም አልነካውም። መስከረም 18 ከቀትር በኋላ ወንዙ ሲጎድል ልጅ ተሻገረ። ፈቃዱ ስላለቀበት በማግሥቱ ሲነጋ መመለስ ነበረበት፤ ሽማግሌዎቹም በየቤታቸው ገብተው ነበር።

የወሰኑ ነገር ለገና ተቀጠረ። ያን ጊዜ ቡናው ተለቅሞ፣ ወንዙም ከቁርጭምጭሚት ወርዶ ይሆናል።