ኅዳር ሲታጠን፣ ሳንባ ሲታፈን

ኅዳር 12 ቀን ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የወረደ ሰው ዓይኑ ሳያነባ ቤቱ አይደርስም። በየአጥሩ ሥር ቆሻሻ ተከምሮ ይጨሳል። ልጆች እሳቱን ከበው ይጫወታሉ፤ ትልልቆች ከግቢ ጠርገው ያወጡትን ቅጠል፣ ቡትቶና ፌስታል ይጨምሩበታል። በአዲስ አበባው አራዳ ያደገ ሁሉ ቀኑን ያውቀዋል። «ኅዳር ሲታጠን» እንለዋለን።

መነሻው ከባድ ሐዘን ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደጨረሰ የሚገመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። በከተማዋ ሺዎች አለቁ። ቀባሪ ታጣ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንንም ታመው ከሞት ተርፈዋል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። በቃል ሲወርድ እንደመጣው ያን ጊዜ ቤትና ደጁ ተጠረገ፣ ቆሻሻው ተቃጠለ፣ ሰፈሩ ታጠነ፤ በሽታውም በሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ጋብ አለ። ከዚያ ወዲህ ቀኑ ሲመጣ እሳቱ ይነዳል።

ያ በሽታ የገደለው በሳንባ በኩል ነው። ጉንፋን መስሎ ይጀምርና ወደ ሳንባ ምች ይዞራል፤ ሕመምተኛው አየር እያጠረው ይሞታል። በትንፋሽ እጥረት ያለቁትን ወገኖቻችንን የምናስበው እንግዲህ ትንፋሽ በሚያሳጥር ጭስ ነው። ይህን ማለት አባቶችን መንቀፍ አይደለም። መድኃኒት በሌለበት ዘመን በእጃቸው ያለውን አደረጉ። መጥረጋቸው ትክክል ነበር፤ ጭሱ ግን ቫይረሱን አይገድለውም።

ሳንባችን የራሱ ጠራጊ አለው። በአየር ቧንቧው ውስጥ ያሉት ደቃቅ ጭራ መሰል ነገሮች አቧራውን ከአክታ ጋር ወደ ላይ ይገፋሉ። ጭስ እነዚህን ያደክማል። ከጭሱ ውስጥ የከፋው ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው ብናኝ ነው፤ የራስ ፀጉር 30 እጥፍ ያህል ይወፍረዋል። አፍንጫ አያግደውም። ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባባቸው የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል፤ ከፊሉም ከደም ጋር ይዞራል። አስም ያለበት ሰው በዚያው ሌሊት ይታፈናል። ለዓመታት የተነፈሰው ሰው ደግሞ የአየር መተላለፊያው እየጠበበ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ዳገት አቅቶት መሐል መንገድ ይቆማል። የሳንባ ካንሰር፣ የልብ ሕመምና ስትሮክም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳሉ። በ1911 ዓ.ም. የተቃጠለው ቅጠልና ፍግ ነበር። ዛሬ ፕላስቲክና ጎማም ይቃጠላል፤ ከእሱ የሚወጣው መርዝ የባሰ ነው።

የአራዳ አቀማመጥ ደግሞ አያግዝም። ፒያሳ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ አሮጌ ሞተር ነዳጁን አሟጦ ማቃጠል ያቅተውና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኅዳር ሲገባ ዝናቡ አቁሟል፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከእንጦጦ ሥር ተኝቶ ያድራል፤ የሚኒባሱ፣ የማገዶውና የቆሻሻው ጭስም አብሮት ያድራል። ተማሪው ጠዋት ወደ አራት ኪሎ ሲሄድ የሚስበው ትናንት ማታ የተለቀቀውን ጭምር ነው።

ትልቁን ድርሻ የሚስቡት ግን እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። በአሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች ማድ ቤቱ ጠባብ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጭራሮና ከሰል ይነዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው እንደሞተ ገምቷል። ከሰል ደግሞ ሌላም አደጋ አለው። ብዙ ቤት «ጭሱ ወጥቶለታል» ተብሎ ፍሙ ለሙቀት ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በር ተዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ይቀራል።

ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። በሕክምናውም በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ሐኪሞች የሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እነዚህ ትልልቅ እርምጃዎች ናቸው። ሆኖም አሮጌዎቹ መኪኖች ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ ፒያሳ ፈርሳ ስትሠራም አቧራው ብዙ ነበር።

የመለኪያውም ነገር ያሳስባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የደቃቅ ብናኙን የዓመት አማካይ ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል። የአዲስ አበባ አየር ከዚህ በብዙ እጥፍ ያልፋል። ለዓመታት ማንም ሰው የየሰዓቱን ልኬት ከአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያ ማየት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አሜሪካ በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቿ የሚወጣውን መረጃ አቆመች። የምንተነፍሰውን አየር ለመለካት የሰው ደጅ መጥናት አይገባንም ነበር። በየክፍለ ከተማው መለኪያ ተተክሎ ውጤቱ እንደ አየር ጠባይ ዜና በየጠዋቱ ሊነገረን ይገባል።

እስከዚያው ከቤት የሚጀመር አለ። ፍም መኝታ ክፍል አይግባ። ማድ ቤት የጭስ መውጫ ይኑረው። ቡና ሲፈላና እጣን ሲጨስ መስኮት ይከፈት፤ ሕፃኑም ከከሰሉ ራቅ ይበል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው «ብርድ ነው» ብሎ ከመቀመጥ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ኅዳር 12ም አይቅር። የሞቱት ወገኖቻችን መታሰብ አለባቸው። ያን ዕለት እንደ አባቶቻችን ግቢውን እንጥረግ፣ ቱቦውን እንክፈት፣ ቆሻሻውን በማዳበሪያ ሞልተን ለቆሻሻ አንሺዎቹ እናስረክብ። አባቶቻችን ያጠኑት ልጆቻቸው እንዲተነፍሱ ብለው ነው። ለእኛ ልጆች ሲባል ክብሪቱ ቤት ይቅር።