ሰሙ ሲሊካ፥ ወርቁ ሲሊኮን

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ገበያ ስሙ የገነነውን የወሎን ኦፓል በእጁ ይዞ ያገላበጠ ሰው፥ በአንድ በኩል አረንጓዴ የነበረው ዘወር ሲያደርጉት ቀይ ሲሆን አይቶ መገረሙ አይቀርም። ድንጋዩ ግን ቀለም አልተቀባም። በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች እንደ ሰልፈኛ በረድፍ በረድፍ ስለ ቆሙ፥ በመካከላቸው ላለው ርቀት የሚስማማውን ብርሃን ይመልሳሉ፤ የቀረውን ያሳልፋሉ። ቀለሙ የሥርዓት ውጤት ነው ማለት ነው።

በ1987 ዓ.ም. ኤሊ ያብሎኖቪችና ሳጂቭ ጆን የተባሉ ሊቃውንት፥ ሥርዓቱ በሚገባ ከተበጀ አንድን ዓይነት ብርሃን ከየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ የማያሳልፍ አካል መሥራት እንደሚቻል በየፊናቸው አስረዱ። ይህ አካል ፎቶኒክ ክሪስታል ይባላል። ኦፓል ግን ይህን ሊፈጽም አይችልም፤ በአንድ በኩል የመለሰውን ብርሃን በሌላው በኩል ያሳልፈዋልና። ሲሊካ የብርሃንን ፍጥነት እምብዛም አይቀንስም፤ ሲሊኮን ግን ከ3 እጅ በላይ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ለሥራው የሚመረጠው ሲሊኮን ነው።

ታዲያ በሲሊኮን ውስጥ ዓይን የማያያቸውን ክብ ጉድጓዶች በረድፍ የሚቈፍር ማን ነው? የነሐስ መስቀል የሚሠራ አንጥረኛ ዘዴውን አያጣውም። ሰሙን ይቀርጻል፥ በጭቃ ይሸፍናል፥ በእሳት አቅልጦ ያስወጣና በስፍራው ነሐሱን ያፈሳል። በ2000 ዓ.ም. በስፔንና በካናዳ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ870 ናኖሜትር የሲሊካ ኳሶች ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። የአንድ ጠጉር ውፍረት ሰማንያ ያህሉን ጎን ለጎን ይይዛል። ኳሶቹ በፈሳሽ ውስጥ ቀስ ብለው ዘቅጠው በራሳቸው ይሰለፋሉ፤ በሙቀት ጥቂት ይያያዛሉ፤ ሲሊኮን ያለበት ጋዝ በመካከላቸው ገብቶ ሲሊኮኑን ይጥላል። በመጨረሻም አሲድ ሲሊካውን በልቶ ሲሊኮኑን ይተዋል። ልዩነቱ፥ አንጥረኛው የሰሙን ስፍራ ሲሞላ እነዚህ ባዶውን መተዋቸው ነው። የቀረው አካል የማር እንጀራ ይመስላል። በመስታወት ክር የስልክና የኢንተርኔት መልእክት የሚያመላልሰውን 1.5 ማይክሮሜትር ገደማ ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ እንደሚያግድ ሠሪዎቹ አስታወቁ።

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ሳይታሰብ ከረድፉ ያፈነገጠ ኳስ ብርሃኑን ይበትናል፤ ሥራውንም ያበላሻል። ታስቦ የተተወ ጉድለት ግን ለብርሃን ማደሪያ ይሆናል፤ ጉድለቶቹ በመሥመር ከተከታተሉም መንገድ ይሆኑለታል። ብርሃን በትንሽ የሲሊኮን ገበታ ላይ እንደ ልብ እንዲታጠፍ የሚደረገው በዚህ ነው። ብልሃቱ ጉድለትን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን የት እንደሚተው ማወቅም ነው።

የወሎ ኦፓል ተመዝኖ ይሸጣል፤ ባሕርም ይሻገራል። ይሁን፤ ንግድ ነውና። ነገር ግን ቀለሙን አድንቀን ሥርዓቱን ሳንመረምር ከቀረን፥ ሰሙን ይዘን ወርቁን ለሌላ ሰጠን ማለት ነው።