ጭቃ ቤትን ሲሚንቶ አያድነውም

«ጭቃውን በሲሚንቶ ካስለሰንሽው ብሎኬት በይው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።» ይህን ቃል ከሐይቅ እስከ አምባሰል ውጫሌ በየሰፈሩ ትሰሙታላችሁ። ግንበኛው ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል፣ ጂዳ ወይም ኩዌት ሆና ለእናቷ ቤት ማሳደሻ የምትልክ ልጅም በስልክ ትለዋለች። ይህ እምነት ምን እንደሚያደርግ በአክስቴ ቤት ስላየሁ፣ ረጋ ብዬ ልጽፍበት ይቸግረኛል።

የአክስቴ ቤት ሐይቅ ከተማ ነው። ባሏ በሕይወት ሳሉ በባህር ዛፍ ቋሚና ማገር ያቆሙት፣ በዓል በመጣ ቁጥር በጭቃና በእበት የሚለሰን ቤት ነበር። ልጇ ከሳዑዲ ገንዘብ ስትልክ አንድ ግንበኛ መጣ፤ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «እናቴ፣ አይስጉ፤ አንዴ ሲሚንቶ ካረፈበት ዳግመኛ ጭቃ አይነኩም» አላት። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ልጄ» አለችው። በሦስት ሳምንት ቤቱ አማረ፤ ፎቶው ተላከ፤ ልጅቷ በደስታ አለቀሰች። በአራተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ የጓዳው ግድግዳ ሌሊት ተደረመሰ። አክስቴ የተረፈችው ያን ዕለት ሳሎን ስለተኛች ብቻ ነው። ጠዋት ፍርስራሹን ስናነሳ ሲሚንቶው እንደ ገበታ በሰፋፊው ተላጦ ደህና ሆኖ አገኘነው። ከኋላው የነበሩት ቋሚዎች ግን እግራቸው በጣት ሲነካ የሚፈርስ ብስባሽ ሆኗል፤ ምስጡ የቀረውን ጨርሶታል።

ግንበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ የሚሠራበትን ዕቃ ጠባይ ሳይጠይቅ የሰው ቤት ላይ የሚፈርድ ባለሙያ ከሌባ ያልተናነሰ ጉዳት ያደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ ግድግዳ ውኃ ይጠጣል፣ ይተነፍሳል፣ ይደርቃል። ከታች መሬቱ ርጥበት ይሰድበታል፣ ከላይ በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ጠብታ ይገባበታል፣ ከጎን ንፋስ የነዳው ዝናብ ይመታዋል። ሐይቅና አምባሰል ደግሞ ክረምቱ ብቻ ሳይሆን በልጉም የሚዘንብባቸው አገሮች ናቸው፤ ግድግዳው በዓመት ሁለት ጊዜ ይርሳል። ገላው ክፍት እስከሆነ ድረስ ፀሐይ ሲወጣ ያንኑ ርጥበት መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ሲለበስ ግን መተንፈሻው ይዘጋል። ውኃው በስንጥቅና ከሥር መግባቱን አይተውም፤ መውጫ ብቻ ያጣል። በዚያ ላይ ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ሌላ ውኃ ያስገባል፣ ልስኑም ከጭቃው ተላቆ ለብቻው ይቆማል። በመካከል የተፈጠረው ጨለማና እርጥብ ክፍተት ለምስጥ የተመቸ መንገድ ነው። ቋሚው ቶሎ የሚበሰብሰው ደግሞ ከአፈር በሚወጣበት ልክ፣ አየርና ርጥበት በሚገናኙበት ቦታ ነው። ልስኑ የሸፈነው ይህንኑ ቦታ ነው።

ውስጡን ሊሾ ማድረግም ችግሩን ያባብሳል። ቀድሞ በአፈር ወለሉ በኩል ይወጣ የነበረው ርጥበት ሊሾው ሲዘጋበት ወደ ግድግዳው ይሸሻል። ከጉልበት በታች ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ጨው የሚያወጣ ግድግዳ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

እምነቱ ከባዶ እንዳልመጣ አውቃለሁ። በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ይታጠባል፣ አቧራ አያራግፍም፣ ትኋን የሚደበቅበት ስንጥቅ አይበዛበትም። ከሁሉ በላይ የሴቶችን ጉልበት ያሳርፋል። ጭድ ከጭቃ ጋር አብላልቶ መርገጥ፣ ውኃ መቅዳት፣ እበት በእጅ መለቅለቅ በየዓመቱ ማን ላይ እንደሚወድቅ እናውቃለን። እናቷን ከዚህ ሥራ ላሳርፍ ያለች ልጅ ምኞቷ ትክክል ነው። የተሳሳተው የተሰጣት ምክር ነው።

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ራንቾስ ደ ታኦስ በምትባል መንደር፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በጭቃ ልስን የቆመ ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ከየጊዜው ልስን እንገላገል ተብሎ ሲሚንቶ ለበሰ። ርጥበቱ ውስጥ ታምቆ የጭቃ ጡቡን ይበላው ጀመር። በ1979 ሲሚንቶውን ልጠው ወደ ጭቃ መለሱት፤ ምእመናኑ ዛሬም እንደኛ ደቦ ወጥተው ይለስኑታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እድሳት ከጣሪያና ከእግር ይጀምራል፤ ልስን የመጨረሻው ሥራ ነው። ከምንም በፊት ወስፌ ያዙ፣ ያችኑ የስፌት ወስፌ። የየቋሚውን እግር ከመሬቱ ጥግ ውጉት። ወስፌው እንደ ቅቤ ከገባ ያ እንጨት ሞቷል፤ የቱም ልስን አያስነሳውም። የበሰበሰው ተቆርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ይተከል። የጣሪያው ክፈፍ አጭር ከሆነ ይርዘም፣ አሸንዳ ይደረግለት፣ ውኃው ከግድግዳው የሚርቅበት ቦይ ይቆፈር። ከዓመት ዓመት ግድግዳው ሥር የተከመረው አፈር ይጠረግ። ይህ ከተሟላ በኋላ በጭድ በደንብ የተብላላ ጭቃ ይለሰንና ላዩ ኖራ ይቀባ፤ ኖራ ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ግድግዳውንም አያፍነውም። የፕላስቲክ ቀለም ግን እንደ ሲሚንቶው ይዘጋዋል። ጣሪያውና እግሩ የተስተካከለለት ቤት በየበዓሉ መለሰን አያስፈልገውም። ስንት ዓመት ይቆያል ለሚለኝ ቁርጥ ያለ ቁጥር አልሰጥም፤ እንደ አፈሩና እንደ ዝናቡ አቅጣጫ ይለያያል።

የሲሚንቶ ቤት ካልሆነ የሚል ሰው ይኑር፤ መብቱ ነው። ግን ያ አዲስ መሠረት፣ ኮለንና ቢም ያለው አዲስ ቤት ነው። ዕድሳት ብሎ በጭቃው ላይ መደረብ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ሌሎቹን የተሳሳቱ እምነቶች በአጭሩ ልለፍ። «ሲሚንቶ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል» ይባላል፤ የበዛበት ልስን ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ጥንካሬውን የሚሰጠው ልኩና ማጠጣቱ ነው፤ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ ያላገኘ ልስን ወይም ቢም ብኩን ሥራ ነው። «ለማቡካት ይቀለን» ብሎ ውኃ የሚጨምር ሠራተኛም የገዛችሁትን ሲሚንቶ እያዳከመው ነው።

«የመሬት መንቀጥቀጥ የአፋር ነገር ነው፤ እኛን አይነካንም» የሚሉም አሉ። እኛ የተቀመጥነው ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። እዚህ ላይ ጭቃ ቤታችን ያልተነገረለት ጥቅም አለው፤ እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ይወዛወዛል እንጂ ፌሮ እንደሌለው የብሎኬት ግንብ በአንዴ አይናድም። እንጨቱ በሲሚንቶ ታፍኖ ከበሰበሰ ግን ይህም ይቀራል።

ስለ ባለሙያ ምርጫ ደግሞ በጣም የሚያሳዝነኝ «ዘመድ ነው፣ ውል ምን ያደርጋል» የሚለው ነው። ዝምድናችሁን የሚጠብቀው ውሉ ነው። ሥራው ደረጃ በደረጃ ይጻፍ፤ ጣሪያ፣ የቋሚ እግር፣ ቦይ፣ ልስን። ሁለት ምስክር ይፈርም። ክፍያው ደረጃው ሲያልቅ ይሰጥ፣ ጥቂቱ ደግሞ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እስኪያልፍ ይያዝ። «ገንዘቡን ከተቀበለ ነገር አለቀ» የሚባለውም ውሸት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት ለመሥራት የተዋዋለ ተቋራጭ ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ኃላፊ ያደርገዋል። ይህን ለመጠየቅ ግን በእጅ የሚያዝ ወረቀት ያስፈልጋል። አክስቴ አልነበራትም።

ግንበኛ ስትመርጡ ባለፈው ወር የጨረሰውን ቤት አትዩ፤ አዲስ ልስን ሁሉ ያምራል። ከሦስትና ከአራት ክረምት በፊት የሠራውን አሳየኝ በሉት፣ ባለቤቲቱንም ለብቻ ጠይቋት። ግድግዳውን ከማየቱ በፊት ጣሪያውን ቀና ብሎ ካየ፣ ጎንበስ ብሎም የቋሚውን እግር ከፈተሸ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄው «ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ትገዛላችሁ?» ከሆነ አመስግናችሁ ሸኙት።

ለእናንተም፣ በሰው አገር ሌሊት ቀን ለፍታችሁ ለምትልኩት እህቶቼ፦ የሚላክላችሁ ፎቶ ልስኑን ነው የሚያሳየው። ብሩን ከመላካችሁ በፊት እናታችሁ ወስፌዋን ይዘው የእያንዳንዱን ቋሚ እግር እንዲወጉ ንገሯቸው፣ ያንንም ቀርጻችሁ ላኩልኝ በሉ።