የመኪና አምፕና ስፒከር በራሳችን ስንገጥም፦ ከዋቱ በፊት ኦሙና ሽቦው

በአማርኛ “ድምፅ ማጉያ” ስንል ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። በሩ ውስጥ ያለው ስፒከርም ድምፅ ማጉያ ነው፤ ከወንበር ሥር የሚቀመጠው አምፕሊፋየርም ድምፅ ማጉያ ነው። ለጨዋታ ችግር የለውም። ሽቦ ለመቀጠል ስንነሳ ግን መለየት የግድ ይሆናል። አምፑ ከባትሪው ኃይል ወስዶ ደካማውን የድምፅ ምልክት ያጎለብታል፤ ስፒከሩ ደግሞ ያንን የጎለበተ ኤሌክትሪክ ወደ አየር ንዝረት ይቀይራል። ስለዚህ እዚህ አንዱን አምፕ፣ ሌላውን ስፒከር እላለሁ። ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር ሰብዉፈር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማጫወቻ ደግሞ ቴፕ እለዋለሁ፤ ካሴት ከቀረ ዘመን ቢሆነውም ስሙ እስካሁን አልለቀቀንም።

በውጭ አገር ዕቃው በኢንተርኔት ታዝዞ በሁለት ሦስት ቀን ቤት ይደርሳል። ውድ የሚሆነው የገጣሚው እጅ ነው። ለዚህም ነው ብዙዎቻችን ቅዳሜ ከሰዓት ኮፈን ከፍተን ራሳችን የምንሞክረው። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ኮድ ከመጻፌ በፊት በወረቀት እንደማስበው ሁሉ፣ ሽቦ ከመላጤ በፊት ሒሳቡን እጨርሳለሁ። ሒሳቡ የሰባተኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ነው። ከዚህ በታች ያለው ያ ሒሳብ ነው።

“50 ዋት” ከየት መጣ?

አብዛኛው ቴፕ ካርቶኑ ላይ “4 በ50 ዋት” ይላል። ቁጥሩን እንፈትሸው። ሞተር ሲነሳ የመኪናው ቮልቴጅ ወደ 14.4 ይጠጋል፤ የመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው። ዋት ለማግኘት ቮልቴጁን በራሱ አባዝተን ለኦሙ እናካፍላለን፤ 14.4 በ14.4 ለ4 ሲካፈል 51.8 ይመጣል። “50” የተወለደው ከዚህ ነው። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ሞገዱ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ማለትም ድምፁ ፈጽሞ ሲበላሽ ነው። ለንጹሕ ሞገድ ጣሪያው የዚያ ግማሽ፣ 26 ዋት ገደማ ነው። የውስጥ ብክነቱ ሲቀነስ በእጃችን የሚቀረው ከ15 እስከ 20 ዋት ነው።

ለብቻው የሚገጠም አምፕ ከዚህ የሚሻለው የባትሪውን ቮልቴጅ ውስጡ ባለው ክፍል ከፍ አድርጎ ስለሚሠራ ነው። አምፕ ስትገዙ “ማክስ” ወይም “ፒክ” የሚለውን ትልቅ ቁጥር እለፉት። የምትፈልጉት “አርኤምኤስ” የሚለውን ነው። ሲኢኤ 2006 የሚባለው የመለኪያ ደረጃ ምልክት ካለበት ደግሞ ቁጥሩ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም እና ከ1 በመቶ ባልበለጠ የድምፅ መዛባት የተለካ ነው። ሁለት አምፖችን በትክክል ማወዳደር የሚቻለው ያኔ ነው።

ኦሙ ሲወርድ አምፑ ይደክማል

ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገድብበት መጠን ነው። ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፑ ብዙ አምፔር መልቀቅ አለበት፤ ይሞቃልም። እያንዳንዱ አምፕ ከዚህ በታች አታውርዱኝ የሚልበት ወለል አለው፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮችን በፓራለል ብናገናኝ፣ ማለትም ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ከኔጌቲቭ ብናጣምር፣ አምፑ የሚያየው 2 ኦም ነው። በሲሪስ፣ ማለትም የአንዱን ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር ቀጥለን በሁለቱ ጫፍ ብንጠቀም 8 ኦም ይሆናል። ብዙ ሰብዉፈሮች ውስጣቸው ሁለት ኮይል ስላላቸው ይህ ምርጫ በአንድ ስፒከር ውስጥም አለ። አምፑን “ብሪጅ” አድርጋችሁ ሁለት ቻናል በአንድ ላይ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቻናል የሚሰማው የስፒከሩን ኦም ግማሽ ነው። ስለዚህ በተለምዶ በስቴሪዮ እስከ 2 ኦም የሚችል አምፕ በብሪጅ የሚችለው እስከ 4 ብቻ ነው።

በመኪናው ሰው እያመላለሰ የሚተዳደር አንድ ጓደኛዬ “አምፑ ቤዝ ሲበረታ ይጠፋል፣ ቀይ መብራት ያበራል” ብሎ ጠራኝ። ሁለት ሰብዉፈር አለው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ባለ 4 ኦም ኮይል አላቸው። የገጠመለት ሰው አራቱንም ኮይሎች በፓራለል አጣምሯቸዋል። 4 ለ4 ሲካፈል 1 ኦም። የአምፑ ወለል ግን 2 ኦም ነበር። አምፑ አልተበላሸም፤ ራሱን እያዳነ ነበር።

የእያንዳንዱን ሰብዉፈር ሁለት ኮይሎች በሲሪስ አድርገን 8 ኦም፣ ከዚያ ሁለቱን ሰብዉፈሮች በፓራለል አገናኝተን 4 ኦም ላይ አመጣነው። አምፑ በ2 ኦም 500 ዋት፣ በ4 ኦም 300 ዋት የሚሰጥ ነው። ጓደኛዬ ቅር አለው፦ “ወንድሜ፣ 500 ብዬ ገዝቼ ለምን 300 ትሰጠኛለህ?” መልሱ በጆሮ ሒሳብ ውስጥ ነው። በ500 እና በ300 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 2.2 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስል ደግሞ ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል። ከፍቶ ሲሰማው ዝም አለ።

እነዚያ ሁለት ሰብዉፈሮች በምንም ዓይነት አቀጣጠል 2 ኦም ሊሆኑ አይችሉም፤ እኩል ኃይል እንዲደርሳቸው ሆነው ሲገናኙ ያላቸው ምርጫ 1፣ 4 ወይም 16 ነው። ባለ 2 ኦም ኮይል ቢገዙ ኖሮ ምርጫው 0.5፣ 2 ወይም 8 ይሆን ነበር። ስለዚህ የኮይሉ ኦም የሚወሰነው ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ነው።

የማይናገረው ሽቦ

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። ኮፈኑን ስከፍት ከባትሪው የሚነሳው ወፍራም ቀይ ሽቦ ምንም ፊውዝ የለውም። ያለው ፊውዝ ከኋላ፣ አምፑ ላይ ያለው ብቻ ነው። አምፑ ችግሩን በቀይ መብራት ተናግሯል፤ ሽቦው ግን የሚናገርበት መብራት የለውም። በዚያ መኪና ውስጥ አስጊው ነገር ይህ ነበር።

ባትሪው አጠገብ የሚገባው ፊውዝ ለአምፑ ይመስለናል። የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ነው። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ተነስቶ የብረቱን ግድግዳ በስቶ፣ ከምንጣፍና ከወንበር ሥር አልፎ አራት አምስት ሜትር ይሄዳል። የመኪናው አካል በሙሉ ኔጌቲቭ ነው። የሽቦው ልባስ በአንድ የላሜራ ጠርዝ ቀስ በቀስ ተፍቆ ከተቀደደ ሾርት ያደርጋል። ባትሪው ሞተር ለማስነሳት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር የሚለቅ ነው፤ ያንን ሁሉ በሽቦው ውስጥ ይለቀዋል። ከምንጣፉ ሥር ያለው ሽቦ እንደ ምድጃ ሽቦ ይግላል፤ በላዩ የልጅ ወንበር ሊኖር ይችላል። ከኋላ ያለው ፊውዝ ይህን አያየውም፤ ኤሌክትሪኩ እሱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷልና።

ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይገባል፤ መጠኑም ከሽቦው አቅም መብለጥ የለበትም። ሽቦው ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይደረግለታል።

ውፍረቱን ለመምረጥ መጀመሪያ አምፔሩን እናስላ። 500 ዋት የሚሰጥ ክላስ ዲ አምፕ 80 በመቶ ውጤታማ ነው ብንል ከባትሪው 625 ዋት ይወስዳል፤ ለ13.8 ቮልት ሲካፈል 45 አምፔር። ክላስ ኤቢ ከሆነ በ60 በመቶ ስሌት 60 አምፔር። ሙዚቃ ሁልጊዜ ይህን ያህል አይወስድም፤ ሽቦ ግን ለከባዱ ሰዓት ነው የሚገዛው።

45 አምፔር በ5 ሜትር ባለ 8 ጌጅ የመዳብ ሽቦ ሲያልፍ 0.46 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል፤ 21 ዋት ሙቀትም ሽቦው ላይ ይቀራል። ባለ 4 ጌጅ ሲሆን ጥፋቱ 0.18 ቮልት ነው። አውሮፓ ያላችሁ በሚሊ ሜትር ካሬ ስለምትገዙ፣ 8 ጌጅ ወደ 8፣ 4 ጌጅ ደግሞ ወደ 21 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ርካሽ የሽቦ ጥቅሎች ላይ “ሲሲኤ” የሚል ካያችሁ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ውፍረቱ እኩል ቢሆንም ከንጹሕ መዳብ ያነሰ ስለሚያስተላልፍ አንድ ደረጃ ወፍራም ውሰዱ፤ ካልሆነ ንጹሕ መዳብ ግዙ። ለጓደኛዬ 4 ጌጅ መዳብና ባለ 60 አምፔር ፊውዝ አስገባን።

ግራውንድና የሚያፏጨው ድምፅ

ከባትሪ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ የግራውንዱ ሽቦ ከቀዩ እኩል ይወፍራል። አጭር ይሁን፤ ከ45 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ብረቱ ላይ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ንጹሕ ብረት ላይ በቡሎን እሰሩት። የደኅንነት ቀበቶ የታሰረበትን ቡሎን ግን አትንኩ፤ እሱ የሰው ሕይወት የያዘ ነው።

ነዳጅ ስትረግጡ አብሮ እየቀጠነ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ፣ ብዙ ጊዜ መነሻው አምፑና ቴፑ የተለያየ ቦታ ግራውንድ በመሆናቸው ነው። ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ግራውንዱን ፈትሹ። ድምፅ የሚያመጣውን የአርሲኤ ገመድ ደግሞ ከቀዩ ሽቦ አርቃችሁ በሌላው ጎን አሳልፉት።

ከመክደናችን በፊት

የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ቤዙም ይጠፋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ሽቦውን ከአምፑ ነቅላችሁ፣ በጫፉ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት አስነኩ። ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ሲገጥም የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ መግፋት አለበት። ለትንንሾቹ ትዊተሮች ይህ አይሠራም።

አምፑ ላይ ያለው “ጌይን” የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ቴፑ የሚልከውን ምልክት ከአምፑ አቅም ጋር ማስተካከያ ነው። በዘፈን አታስተካክሉት። ከካሴት ተገልብጦ የተጫነ የድሮ ዘፈን ድምፁ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ካስተካከላችሁ የዘንድሮው ዘፈን ሲመጣ ሞገዱ ይቆረጣል፤ ስፒከርም የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ስፒከሮቹን ነቅላችሁ፣ ኢኳላይዘሩንና ቤዝ ቡስቱን ዜሮ አድርጋችሁ፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ ከፍታችሁ የ50 ኸርዝ መፈተሻ ድምፅ አጫውቱ። የአምፑን መውጫ በሜትር በኤሲ ቮልት ለኩ። የምትፈልጉት ቮልት ዋቱ በኦሙ ተባዝቶ የሚገኘው ውጤት ስኩዌር ሩት ነው፤ ለ300 ዋት በ4 ኦም 34.6 ቮልት። እዚያ ሲደርስ አቁሙ።

መኪናችሁ ሃይብሪድ ወይም ኤሌክትሪክ ከሆነ ብርቱካናማ ልባስ ያላቸውን ገመዶች በፍጹም አትንኩ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ናቸው። እዚያ ባለ 12 ቮልት ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሳይሆን ኮንቨርተር ስለሆነ፣ አቅሙን ከመመሪያው ሳታዩ ትልቅ አምፕ አትጨምሩበት።

በማንኛውም መኪና ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚነቀለው፣ ስትጨርሱም መጨረሻ የሚመለሰው የባትሪው ኔጌቲቭ ነው፤ ያኔ ቁልፉ ብረት ቢነካ እንኳ ሾርት አይሆንም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ለአንድ ሰዓት አጫውቱ። ከዚያ አጥፍታችሁ ፊውዙ የተቀመጠበትን፣ የግራውንዱን ቡሎንና የቀዩን ሽቦ ጫፎች በእጃችሁ ዳስሱ። ትኩስ የሆነ ቦታ ካለ እዚያ ያለው ማሰሪያ ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጥኗል፤ ሳይስተካከል ምንጣፉ አይመለስ።